ክረምት ሳይገባ

በጀጎል ግንብ ውስጥ ቤት ለማደስ ፈቃድ ለሚሰጡ ሁሉ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ የጥገና ፈቃድና የለውጥ ፈቃድ ተለይተው እንዲታዩልን ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ነደባ ላይ ተቀምጬ ነው። ነደባ ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ደብዳቤው ግልጽ በመሆኑ ግን ሐረርን በፎቶግራፍ ብቻ የሚያውቅ ሰውም ያነበዋልና አንድ ጊዜ ላስረዳ። የሐረሪ ቤት ዋናው ክፍል፣ ጊዲር ጋር የምንለው፣ ወለሉ ለጥ ያለ አይደለም። ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ መደቦች አሉት፤ ነደባ ማለት እነሱ ናቸው። አምስት ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ስም አላቸው። የአሚሩ ነደባ አለ፣ ትልቁ አለ፣ ትንሹ አለ፣ ከበሩ ጀርባ ያለው አለ፣ የተሰወረው አለ። ሽማግሌው የት፣ ልጁ የት፣ እንግዳው የት እንደሚቀመጥ ቤቱ ራሱ ይናገራል። በጎን ያለችው ጠባብ ክፍል ቂርጣት ትባላለች፤ ድሮ ሙሽራ የምትከርመው እዚያ ነበር። ዕቃ የሚከማችበት ደራ ነው። ወለሉና መደቡ በቀይ አፈር ይቀባል፤ ቅላቱ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል ሲባል ነው ያደግነው።

ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶቿንና 102 መዘየሪያዎቿን ቆጥሯል። ግንቡንና በሮቹንም አድንቋል። ከሁሉ በላይ አስደናቂ ያለው ግን የቤቶቹን የውስጥ አሠራር ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የአቤቱታዬ ግማሹ ያረፈው እዚህ ላይ ነው።

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ፣ የበልጉ ዝናብ ሲበረታ፣ ከቂርጣቷ በላይ ካሉት ወራጆች አንዱ ተሰነጠቀ። በጠባቧ መንገድ በኩል ያለው ግድግዳ ደግሞ ሆዱን ማውጣት ከጀመረ ቆይቶ ነበር። ግንበኛ አስጠራሁ። ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው፤ ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ ጆሯቸውን ሲያስጠጉ ሐኪም ይመስሉ ነበር። «ውስጡ ባዶ ሆኗል፤ ጭቃው ታጥቧል። ውኃው ከላይ ገብቶ መውጫ አጣ» አሉኝና በጫማቸው ጫፍ የሲሚንቶውን ልስን አሳዩኝ።

ያንን ልስን ያስለሰንኩት እኔ ነኝ። ከሃያ ዓመት በፊት፣ ከመምህርነት ደመወዜ ቆጥቤ፣ ቤቱን የጠቀምኩ መስሎኝ ነው ያደረግሁት። የእናቴ ግድግዳ በድንጋይና በጭቃ የተገነባ ነው፤ ከላዩ የሚቀባው ኖራ ነበር። ኖራ ያስተነፍሳል። ድንጋዩ የጠጣውን እርጥበት ፀሐይ ሲወጣ መልሶ ይተፋዋል። ሲሚንቶ ግን አፉን ይዘጋበታል። እርጥበቱ ከልስኑ ኋላ ተጠራቅሞ ጭቃውን ያላላዋል፤ ድንጋዩ ይንሸራተታል፤ ግድግዳው ሆድ ያወጣል። ከውጭ ሲያዩት ግን ልስኑ ጤነኛ፣ ቀለሙም ያማረ ነው። እናቴ በየዓመቱ ከበዓል በፊት ኖራ በጥብጣ ስትቀባ «መቼ ነው ከዚህ ሥራ የምንገላገለው?» እያልኩ አጉረመርም ነበር። ተገላገልኩ፤ ዋጋውንም አሁን እየከፈልኩ ነው። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ የምከሰው ሰው ሁሉ ከእኔ ጀምሮ ይቆጠር።

ወደ እናንተ የመጣሁት በግንቦት መጀመሪያ ነው። የትኛው ቢሮ፣ የትኛው መስኮት እንደሆነ አልጠራም። በአንዱ መስኮት የደረሰብኝ በሌላውም ይደርስብኝ ነበር፤ ያስተናገዱኝም ልጆች አብዛኞቹ ጨዋዎች ናቸው። በአንድ ማመልከቻ ሁለት ነገር ጠየቅሁ። አንደኛው የተሰነጠቀው ወራጅ እንዲለወጥና ሆድ ያወጣው ግድግዳ ፈርሶ በራሱ ድንጋይ፣ በጭቃና በኖራ እንደገና እንዲገነባ ነው። ሁለተኛው ጉልበቱ የከዳው ታላቅ ወንድሜ ሌሊት ግቢውን አቋርጦ እንዳይወጣ፣ ከደራው ኋላ ባለችው ባዶ ቦታ መጸዳጃ እንዲሠራና ወደዚያ የሚያሳልፍ በር እንዲከፈት ነው። የመጀመሪያው ጥገና ነው፤ ሁለተኛው ለውጥ። ሁለቱን በአንድ ወረቀት መጻፌ ስህተት እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው። ለእናንተ ሁለቱም «ግንባታ» ናቸው፤ አንድ ፋይል፣ አንድ ወረፋ።

ካርታ አምጪ ተባልኩ። ካርታው በእናቴ ስም ነው፤ ስለዚህ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት። ወራሾቹ ሦስት ነን፤ ቶሮንቶ ያለችው እህቴ ውክልና መላክ ነበረባት። ላከች። ከዚያ የአዋሳኝ ስምምነት። እዚህ ላይ ነው የጀጎል ታሪክ ራሱ መስኮቱ ላይ የሚቆመው። የግቢያችን ግማሽ በአዋጅ 47/1967 ትርፍ ቤት ተብሎ የተወረሰ ነው፤ ዛሬ የቀበሌ ቤት ሆኖ ሁለት ቤተሰብ ይኖርበታል። በር አንድ፣ ግቢ አንድ፣ ሆድ ያወጣው ግድግዳም ለሁለታችንም አንድ። የእኔ ጎን በግል ይዞታ፣ የእነሱ ጎን በመንግሥት። ተከራዮቹ «እንፈርማለን፣ እኛም ላይ ነው የሚወድቀው» ቢሉም ፊርማቸው አያገለግልም፤ ባለቤቱ መንግሥት ነው። የመንግሥትን ፊርማ ለማግኘት ሌላ ቢሮ፣ ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»።

ቀጥሎ ፕላን መጣ። የባለሙያ ማኅተም የሌለው ፕላን አይገባም ተባለ፤ ልክ ነው፣ አልተቃወምኩም። ከፍዬ አሠራሁ። ወረቀቱን ዘርግቼ ሳየው አምስቱ ነደባዎች የሉም! ጊዲር ጋሩ አንድ ለጥ ያለ ወለል ያለው ሳሎን ሆኗል፤ ጣቄቶቹ፣ ግድግዳው ውስጥ የተበጁት የዕቃ ማስቀመጫዎች፣ ተደፍነዋል፤ ቂርጣት «መኝታ ቤት»፣ ደራ «ስቶር» ተብለዋል። ፕላኑን የሠራው ልጅ ቤቱን ለመለካት ሩብ ሰዓት አልቆየም ነበር። «ይህ የእኔ ቤት አይደለም» አልኩ። «እማማ፣ ለፈቃድ ነው እንጂ ለኤግዚቢሽን አይደለም» አለኝ። ይባስ ብሎ ፕላኑ ያለ አንዳች ጥያቄ ተቀባይነት አገኘ። ማኅተም ነበረው፤ ስኬሉም ልክ ነበር። በዚያ ፕላን መሠረት ብሠራ ኖሮ ዩኔስኮ ከሁሉ አስበልጦ ያደነቀውን ነገር በሕጋዊ ፈቃድ አፍርሼ፣ ደረሰኙንም ተቀብዬ እገባ ነበር።

የእናንተ ቁጥጥር ደጅ ላይ ያበቃል። የውጭ በሩ የእንጨት ነው ወይስ የብረት፣ የመንገዱ ግድግዳ ቀለም ምን ይመስላል፣ ጣሪያው ላይ ሳህን ተተክሏል ወይ የሚለውን ትጠይቃላችሁ። ይጠየቅ፤ ጀጎል ሲመዘገብም ባለሙያዎቹ ስለ ልስኑ፣ ስለ ብረት በሩና ስለ አንቴናው ተናግረዋል። የኮሪደር ልማቱም የመንገዱን ፊት ለማሳመር ተነሥቷል፤ ደስ ይላል። ግን ነደባ በመንገድ ዳር አይታይም። እንግዳ ማረፊያ ለማድረግ ተብሎ ውስጡ ተጠርጎ ሸክላ ንጣፍ የተነጠፈበት፣ ደጁ ግን እንደ ጥንቱ የቆመ ቤት ከአንድ በላይ አውቃለሁ። እንዲህ ያለው ቤት እንቁላሉ የተመጠጠ ቅርፊት ነው።

ወደ ታሪኬ ልመለስ። ፋይሉ ሐምሌን ሙሉ አንድ ፊርማ ሲጠብቅ ነሐሴ ገባ። አንድ ሌሊት ግድግዳው ወረደ። ማንም አልተጎዳም፤ ለዚህ ፈጣሪ ይመስገን። ድንጋዩ ወደ ውጭ ተንዶ መንገዱን ዘጋ፣ ዝናቡ ገብቶ ትልቁን ነደባ አረጠበው፣ ቀይ አፈሩ ተሟሙቶ ወደ ግቢው ፈሰሰ። ሲነጋ የመንደሩ ልጆች ተሰብስበው ድንጋዩን ወደ ዳር አነሡልን፤ መረዳጃ ማኅበራችን፣ አፎቻችንም፣ ሸራ ይዞ መጣ። ከእናንተ ዘንድ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ደብዳቤ ደረሰኝ። «ያለ ፈቃድ ቅርስ በመፍረሱ ማብራሪያ እንዲሰጡ» ይላል። ማብራሪያውን ዝናቡ ይስጥ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እህቴ በስልክ ከለከለችኝ።

በዚያው ወር ከእኛ ሦስት ቤት ዝቅ ብሎ የሚኖር ጎረቤቴ ግድግዳው ተሰነጠቀበት። ዓርብ ማታ አሸዋና ብሎኬት በአህያ አስገባ፤ መኪና እንደሆነ እኛ ሰፈር አይደርስም። ሰኞ ጠዋት ግድግዳው ቆሞ፣ ተለስኖ፣ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ተቀጣ፤ ከፈለ፤ አለቀ። የቅጣቱን ደረሰኝ አሳይቶኛል። እኔ ለፕላን፣ ለውክልናና ለመመላለሻ ካወጣሁት ያንሳል። «አቦ፣ አንቺ ሕግ አክብረሽ ግድግዳሽ ወደቀ፤ እኔ ሕግ ጥሼ የእኔ ቆመ» አለኝ። መልስ አጣሁለት። መልሱ ያለው እናንተ ዘንድ ነው። አሁን ባለው አሠራር የሚጠይቅ ይጎዳል፣ የማይጠይቅ ይድናል። ከዚህ በኋላ በጀጎል ውስጥ የሚቆመው ግድግዳ ሁሉ ቅዳሜና እሑድ የተሠራ ብሎኬት ቢሆን ማን ይፈረድበታል?

የእናንተንም ወገን አልስተውም። «ጥገና» ብሎ ፈቃድ አውጥቶ ከደጁ ኋላ ፎቅ የሚደርብ ሰው አለ። ግቢው ጠብቦ፣ ልጆች አግብተው፣ ወራሽ በዝቶ፣ አንዱ ቤት ለአራት ሲከፈል ሁሉም የራሱን ማድቤት ይፈልጋል። እናንተ «እሺ» ባላችሁ ቁጥር 48 ሄክታር ያህል ከሆነችው የግንብ ውስጥ ከተማ አንድ ነገር ይቀነሳል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የሚጠገነው አስቀድሞ ሲፈቀድ ነው ማለቱም አግባብ ነው። ፈቃድ ይቅር አላልኩም፤ ወደፊትም አልልም። እኔ ራሴ ሲሚንቶ የለሰንኩ ሰው ነኝ፤ ያኔ አንድ ባለሙያ «ተይ» ብሎኝ ቢሆን እስከ ዛሬ ስሙን በምርቃት አነሣው ነበር።

ያው አዋጅ ግን፣ የጥገናው ወጪ ከባለቤቱ አቅም በላይ ከሆነ መንግሥት ከፊሉን ሊያግዝ እንደሚችልም ይናገራል። ይህቺ አንቀጽ በየትኛውም መስኮት ላይ ተለጥፋ አላየኋትም። ግዴታችንን የሚዘረዝረው ወረቀት ግን በሁሉም መስኮት ላይ አለ።

የግድግዳው ፈቃድ በኅዳር መጣ። እውነት ለመናገር ደስ ብሎኛል፤ ይዞት የመጣው ወጣት ባለሙያም የነደባዎቹን ስም አንድ በአንድ ያውቅ ነበር። የተሳሳተውን ፕላን አይቶ ራሱን ነቀነቀና በእርሳስ አስተካከለው። በግንቦት እሱ መጥቶ ቢሆን ግድግዳው አይወድቅም ነበር፤ ግን ለዚህ ሁሉ ቤት እንደ እሱ ያለ ስንት ሰው እንዳላችሁ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ፈቃዱ ላይ ያለው ቃል ነው እስከ ዛሬ ያላባራ ክርክር ያስነሣው፤ «ነባር ይዘቱን በጠበቀ መልኩ» ይላል።

የትኛውን ነባር? አያቴ ሲነግሩን ጣሪያው ለጥ ያለ የአፈር ጣሪያ ነበር፤ በጥድ ወራጅ ላይ ጭቃ ተደልድሎ፣ በየዓመቱ ከዝናብ በፊት የሚጠቀጠቅ። ቆርቆሮው ከዚያ በኋላ መጣ። ላይ ያለችው ክፍል፣ ቀላ የምንላት፣ የተጨመረችው አባቴ ሲያገባ ነው። በመንገድ በኩል ያለው የእንጨት ሰገነት ደግሞ የሕንድ ነጋዴዎችን ቤት አይቶ የተሠራ ነው። ሕንዶቹ ከ1879 በኋላ ገብተው ባለ ፎቅና ባለ በረንዳ ቤት ሠሩ፤ ሐረሪውም ከእነሱ ቀድቶ፣ እነሱም ከሐረሪው ቀድተው፣ ሦስተኛ ዓይነት ቤት ተወለደ። ይህን ሦስተኛ ዓይነት ዩኔስኮ ጠልቶት እንዳይመስላችሁ፤ በምዝገባው ላይ በስም ጠቅሶታል። ዛሬ ሰው ሁሉ የሚጎበኘው የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለውስ ቢሆን የሕንድ እጅ ያረፈበት አይደለም? ያን ጊዜ «ነባር ይዘቱን በጠበቀ መልኩ» የሚል ማኅተም ቢኖር ግማሹ የጀጎል ውበት ፈቃድ ሳያገኝ ይቀር ነበር። ስለዚህ ለውጥ ሁሉ ጠላት አይደለም። ወንድሜ በሌሊት የሚሄድባት አንዲት በር ከደራው ኋላ ብትከፈት ነደባው አይነካም፣ ጣቄቱ አይደፈንም፣ ከመንገድም አትታይ። ልክ አይደለም የምትሉ ከሆነ ለምን እንዳልሆነ ንገሩኝ። እስከ ዛሬ የተነገረኝ «በጥናት ላይ ነው» የሚል ብቻ ነው።

ከባሕር ማዶ ያለውን አንድ ነገር አንሥቼ ወደ ጥያቄዬ ልለፍ። የዛንዚባር የድንጋይ ከተማ እንደ እኛው የዓለም ቅርስ ናት። ስለ ጥበቃዋ ብዙ ተጽፏል፣ ለዚሁ የተቋቋመ መሥሪያ ቤትም ከፈረንጆቹ 1985 ጀምሮ አላት። እንዲያም ሆኖ ቤት አል አጃኢብ የሚባለው ትልቁ ቤተ መንግሥቷ በ2020 የፈረንጆች ገና ዕለት፣ በጥገና ላይ እያለ፣ ከፊሉ ወርዶ ሁለት ሰው ሞቷል። ይህን የማነሣው በማንም ለመፍረድ አይደለም። አሮጌ ግድግዳ የሚጠብቀው የእኛን ፊርማ እንዳልሆነ ለማሳሰብ ያህል ነው። የሚጠብቀው ዝናብን ነው።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ጥገናን ከለውጥ ለዩልን። የተሰነጠቀ ወራጅ በሌላ ወራጅ የሚለውጥ፣ የወደቀ ድንጋይ መልሶ በጭቃ የሚገነባ፣ በኖራ የሚቀባ ሰው ማስታወቂያ ብቻ አስገብቶ ይጀምር፤ እናንተ ደግሞ ሥራው ሳያልቅ አንድ ጊዜ መጥታችሁ እዩት። ለእንዲህ ያለ ሥራ የወራሽነት ማስረጃና የቶሮንቶ ውክልና ምን ይሠራል? ቤቱን የሚሸጥ የለም። ሲሚንቶና ብሎኬት የያዘ፣ ግድግዳ የሚበሳ፣ ፎቅ የሚደርብ ግን በረዥሙ መንገድ ይሂድ፤ እኔም መጸዳጃዬን ይዤ በዚያ ወረፋ ላይ እቆማለሁ።

ፕላን ስትቀበሉ ነደባ የሌለበትን ፕላን መልሱ። ይህ ሌላ በጀት አይጠይቅም፤ አንድ ሰው ወረቀቱን ዘርግቶ እንዲያይ ብቻ ነው የሚፈልገው። የቀበሌ ቤትና የግል ቤት ግድግዳ በሚጋሩበት ግቢ ሁለቱን ቢሮዎች እናንተው አገናኙ፤ ባለጉዳይ በሁለት የመንግሥት ቢሮዎች መካከል ደብዳቤ አመላላሽ መሆኑ ይብቃ። ኖራም አቅርቡልን። ሲሚንቶ በየሱቁ ደጃፍ ተደርድሯል፤ በደንብ ተነክሮ የበሰለ ኖራ ግን ለማግኘት አንድ ሳምንት ዞሬያለሁ። ሽማግሌው ግንበኛዬ «እኛ ስናልፍ ይህን ሥራ የሚያውቅ አይኖርም» ይላሉ። ከሥራቸው ሁለት ልጆች እንዲማሩ ብታደርጉ ከአሥር ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይበልጥ ጀጎልን ይጠብቃል።

እምቢ ስትሉም በጽሑፍ በሉን። በቃል የተነገረ «አይቻልም» ይግባኝ የለውም፤ ሰውየው ሲቀየር አብሮ ይቀየራል። ምክንያቱ ከተጻፈ እኔም እማርበታለሁ፣ ጎረቤቴም ከዓርብ ማታ በፊት ያነበዋል።

የእናቴ ግድግዳ ዛሬ ቆሟል። በራሱ ድንጋይ ነው የተገነባው፤ ኖራው ገና ሁለተኛ እጁ አልተቀባም። ትልቁ ነደባ እንደገና ተደልድሎ ቀይ አፈሩን ጠጥቷል። የበሩ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ በእናንተ መሳቢያ ውስጥ ነው። ወንድሜ ሌሊት በባትሪ መብራት ግቢውን ያቋርጣል፤ እኔም ድምፁን እስክሰማ አልተኛም። የግቢው ድንጋይ በክረምት ያዳልጣል። እሺም ሆነ እምቢ፣ ሐምሌ ሳይገባ መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

ጡረታ የወጣች መምህርት
ሐረር፣ ጀጎል